እንጨት የወረደበት መንገድ



በየካቲቱ ስብሰባችን ለአምስት ደቂቃ ተብሎ የተያዘ አንድ ጉዳይ አንድ ሰዓት ተኩል እንደፈጀብን የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ከከተማ ወደ ተራራው በእግር የሚወጡ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። በበራችን ሲያልፉ «ቡና ይገኛል?» ይሉናል። ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚያቋርጠውን መንገድ የሚያሳያቸው ሰው የሚፈልጉም አሉ። ከቁጠባችን ጥቂት ገንዘብ አውጥተን ለእነዚህ እንግዶች ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ብናቀርብ፣ ከልጆቻችንም ሁለት ሦስቱን መንገድ መሪ ብናደርግ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሾቻችን ደስ አለን። ግማሾቻችን ደግሞ «ተራራው የመንግሥት፣ ዋሻው የቤተ ክርስቲያን፤ እኛ በየት በኩል ገብተን ነው?» አልን። ከዚያ አንዲት አንጋፋ እናታችን ብድግ ብለው «ያን መንገድ እኔ የማውቀው በጀርባዬ ነው፤ አሁን ደግሞ ልጎብኘው ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ኮሚቴው «እስቲ አንቺ ጻፊበት» ሲለኝ ከዚያው ከእናታችን ቃል ልጀምር ብዬ ተነሣሁ። መንገዱን በጀርባ ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ ከታሪኩ ጋር ማየት ያስፈልጋል።

አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው አዲስ አበባን ከመቆርቆራቸው በፊት የተቀመጡት እዚሁ እንጦጦ ላይ ነበር። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ለጠላት አስቸጋሪ፣ ለዕይታ የተመቸ ነበር፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል፣ ውኃና እንጨትም እንደልብ አይገኝም። እቴጌ ከታች ያለውን ሜዳና ፍልውኃውን ወደዱ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ከተማዋ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመት ውስጥ ታዲያ በተራሮቹ ላይ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ሴቱም ሎሌውም ለአንድ ሸክም እንጨት የሚሄድበት መንገድ በየዓመቱ ይረዝም ጀመር። ንጉሡ ዋና ከተማዋን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት እስከማሠራት የደረሱት በዚህ በማገዶ ችግር ምክንያት ነው። አገር ከምድጃ የተነሣ ዋና ከተማ ሊቀይር ነበር ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈነዋል፤ ለእኔ ግን ከብዙ ጦርነት ታሪክ ይበልጥብኛል።

አዲስ አበባን ያዳናት ባህር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ፣ ባህር ዛፍ የተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን ተደረገ፣ ችግኝም በርካሽ ታደለ። ዛፉ ሲቆረጥ ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመትም ለማገዶ ይደርሳል። እንጦጦና የካ አረንጓዴ ሆኑ። አዲስ ዓለም የተሠራው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም እያልን ዛሬ እንወቅሰዋለን፤ እውነት ነው። እንጀራችን የተጋገረውም በእሱ ቅጠልና ጭራሮ ነው።

ያንን ቅጠልና ጭራሮ ከተራራው ወደ ምጣዱ ያወረደችው ሴት ናት። ስለ ንጉሡና ስለ ዛፉ የተጻፈ ብዙ አለ። ስለ እሷ ለረዥም ጊዜ የጻፈ አልነበረም።

እናቴ እንጨት ትሸከም ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ትወጣለች፤ ብቻዋን አትወጣም፣ ጅብም አለ፣ ከጅብ የሚብስም አለ። የወደቀ ቅርንጫፍ ትለቅማለች፣ ቅጠል ትጠርጋለች፣ በገመድ አስራ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ትሸከማለች። ሠላሳ ኪሎና ከዚያ በላይ ነው፤ አንዳንዷ ሴት የራሷን ክብደት ያህል ታወርዳለች። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ማረፊያ ድንጋዮች ነበሩ፤ ሸክሙን ሳያወርዱ ጀርባን አስደግፎ ለመቆም የሚመቹ፣ ቁመታቸው ልክ የሆነ። እናቴ እያንዳንዱን ድንጋይ በስም ታውቀው ነበር። የኮተቤ ገበያ ሲደርሱ የእንጀራ ጋጋሪዎች ይጠብቃሉ። ዋጋው በሸክም ነው። ዘበኛ መንገድ ላይ ከያዛት ወይ ትለምናለች፣ ወይ ገመዷን ትነጠቃለች፣ ወይ የቀኑን ግማሽ ትከፍላለች። እኔ ደብተር የተገዛልኝ ከቀረው ግማሽ ነው።

ዘበኛው ከየት መጣ? ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ደኑ የመንግሥት ሆነ። በከተማዋ ዙሪያ ተጨማሪ ባህር ዛፍ ተተከለ፣ ጥበቃም ቆመለት። ዛፉ ባለቤት ሲያገኝ ለቃሚዋ ሌባ ተባለች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በእነዚህ ሴቶች ላይ ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ ስንት እንደሚሸከሙ፣ ምን ያህል እንደሚጓዙ፣ ስንት እንደሚያገኙ ተጻፈ። ከዚያ ጋር በተያያዘ ሥራ ሸክሙን ትተው በሽመናና በስፌት እንዲተዳደሩ የተደራጁ ሴቶች ነበሩ፤ የቀድሞ ሴት እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ተብለው ይታወቃሉ። ነጠላቸውንና የአንገት ልብሳቸውን እንጦጦን ለማየት የሚወጡ የውጭ አገር ሰዎች ይገዟቸዋል። ስለዚህ «ከጎብኚ ገንዘብ ማግኘት የማይሆን ነገር ነው» ለምትሉ፣ ከዚሁ ተራራ በወዲያኛው ወገን እንደኛ ያሉ ሴቶች ከጀመሩት ዘመን አልፎታል።

የአገራችን ቱሪዝም ራሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ድርጅቱን ሲያቋቁሙና «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መጠሪያ ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ እንግዳው የሚሄደው ወደ አክሱም፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ላሊበላ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ላሊበላና ሰሜን ተራሮች ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች መካከል ሲመዘገቡ ያ መስመር ይበልጥ ጸና። አዲስ አበባ ማደሪያ ናት። ኮተቤ ደግሞ ማደሪያም አይደለችም፤ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና አቧራ ሰጥቶን በካራ በኩል የሚያልፍባት በር ነበረች። ልጆች ሆነን እጃችንን እናውለበልብ ነበር። ማንም አይቆምም።

ያ ያለፈን መኪና የት እንደሚሄድ ግን ማወቅ ይጠቅመናል፤ ለእኛ የሚሆነው ምሳሌ ያለው እዚያ ነውና።

ሰሜን ወሎ፣ መቄት የሚባል ወረዳ አለ። ከላሊበላ በስተ ደቡብ፣ ድርቅ የሚያጠቃው ደጋ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ መቋት ማርያም በተባለ የገደል አፋፍ ላይ የአካባቢው ገበሬዎች በራሳቸው አሠራር የድንጋይ ጎጆ ሠርተው እንግዳ መቀበል ጀመሩ። ቀጥሎ ዋጀላ፣ ከዚያም ሌሎች መንደሮች ተከተሉ። ሥራውን የደገፈው ድርጅት የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ተስፋ» ይነበባል። አሠራሩ ቀላል ነው። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙን የመንደሩ አህያ ይጭናል፤ መንገድ የሚመራው የአገሩ ልጅ ነው፤ የሚበላው እዚያው የተሠራ ምግብ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቀበሉት ስድስት ሰው ገደማ ብቻ ነው። ለምን ስድስት? ውኃውም ማገዶውም የመንደሩ ስለሆነ። ጎጆው የኅብረተሰቡ ነው፣ ሒሳቡን የሚይዘው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ ነው፣ እንግዳው ከሚከፍለውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል።

እኔን የገረመኝ ጎጆው አይደለም፤ ጎጆ እኛም እንሠራለን። የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሚያዝበት ተወሰነ፣ ከዚያ ምን እንደሚሠራ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ የሚያምር ነገር ይሠራና የአካባቢው ሰው በመጨረሻ በጥበቃነትና በጽዳት ይቀጠራል። ጥበቃና ጽዳት ነውር ሥራ ነው ማለቴ አይደለም። ባለቤትነት ግን ሌላ ነው።

በዚሁ በእኛ መንገድ፣ ከደብረ ብርሃን አልፎ መንዝ ውስጥ ደግሞ ጓሳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት ደጋ ነው፤ ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚሆነው የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰዎች ይህን መሬት ከ400 ዓመት ላላነሰ ጊዜ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። የሚመረጡ አለቆች ነበሩ፤ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ይከፈትና ሁሉም በተራው ያጭዳል። የ1967ቱ አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። የእኛ ተራራ ላይ ዘበኛ ያቆመው አዋጅ እዚያ የነበረውን የራስ ጥበቃ አፈረሰ ማለት ነው። መንዞች ግን ሐሳቡን አልጣሉትም። ቆይተው ከየቀበሌው በተመረጡ ሰዎች እንደገና አደራጁት፣ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎም በሕግ ታወቀ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የሚያድርበት ማረፊያ የእነሱ ነው፣ አስጎብኚውም የእነሱ ልጅ ነው። ከኮተቤ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ ማደር ይቻላል። ማኅበራችን የልምድ ልውውጥ ገንዘብ ቢያገኝ እኔ ከሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ለጋሾቻችን ቅር አይበላችሁ።

አውራምባንም ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። በደቡብ ጎንደር ፎገራ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ ሴት የምታርስበት ወንድ የሚፈትልበት መንደር ነው። እንግዳ ሲገባ መጠነኛ ክፍያ ይከፍላል፣ አንድ አባል ዞሮ ያስረዳዋል፣ ሲወጣ ከሽመናቸው ይገዛል። አዲስ ነገር አልሠሩም፤ የሚኖሩትን ኑሮ ነው ያሳዩት።

ይህን ሁሉ ብዬ መከራውን ብደብቅ ግን አባላትን ማታለል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ገባ፣ እንግዳ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ደረሰ፤ ላሊበላም በዙሪያው ያሉ ወረዳዎችም የጦር ሜዳ ሆኑ። ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል መንገዱ እንደልብ አልተከፈተም። ከውጭ በሚመጣ እንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ኑሮ አንድ ቀን በድንገት ይቆማል። የመቄት ገበሬ እርሻውን ስላልተወ ነው የቆየው፤ እንግዳው ጭማሪ ነበር እንጂ እንጀራ አልነበረም። እኛም እንጀራ መጋገሩን፣ ስፌቱን፣ ዶሮውን ትተን የእንግዳ ቡና ላይ እንዳንንጠለጠል።

ኮተቤ ከመቄት የምትሻልበት አንድ ነገር አላት። የእኛ እንግዳ ከፈረንጅ አገር አይደለም የሚመጣው፤ ከመገናኛ፣ ከሲኤምሲ፣ ከኮተቤው የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። በታክሲ መጥቶ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል። መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ሲመረቅ የከተማው ሰው ወደ ተራራ መውጣትን ለመደ፤ በዚያ ሥራ ያገኙ እንጨት ተሸካሚ እናቶችም አሉ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበርም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንጦጦ ምሥራቃዊ ክፍል 1,300 ሄክታር ላይ በባህር ዛፍ ፋንታ አገር በቀል ዛፍ ሲተክል ቆይቷል። ሯጮቻችን ልምምድ የሚሠሩበት ደንም ይኸው ነው። በእኛ በኩል ያለው ወገን ግን ገና ነው፤ ያልተነጠፈ፣ በር የሌለው፣ ማንም «የእኔ» ብሎ ያላጠረው። ዋሻ ሚካኤልም እዚያው ነው፤ ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ጣሪያው የፈረሰ፣ ሰው በአብርሃና አጽብሐ ዘመን ተሠራ የሚለው፣ ምሁራን ግን ወደ መካከለኛው ዘመን የሚያቀርቡት። ላሊበላን ለማየት አውሮፕላን የሚሳፈር የከተማችን ሰው ይህን ሳያየው ዕድሜውን ይጨርሳል። ይህንን ስናስብ ዋሻው የጸሎት ቦታ መሆኑን አንርሳ፤ ከደብሩ አገልጋዮች ጋር ሳንነጋገር አንድም ሰው ይዘን መሄድ የለብንም።

በስብሰባው ላይ ጎልቶ ያልተነገረ፣ በሻይ ሰዓት ግን በየጥጉ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። «እንግዳን ቡና አጠጥቶ ገንዘብ መቀበል?» የእግዜር እንግዳ ብለን ያደግን ነንና ያሳፍራል። ይህ ኀፍረት አዲስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከመቶ ዓመት በፊት ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲከፍቱ ሰው ከፍሎ መብላትን ነውር አድርጎት አልመጣም ነበር ይባላል፤ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው ነው ያስለመዱት እየተባለ ይተረካል። የመጀመሪያውን ሆቴል ያቋቋመች ሴት ናት፣ ከእንጦጦ የወረደች። ይህን የምለው ለማኩራራት አይደለም። እቴጌ ቤት ሥጋውንም ጠጁንም የሚያቀርብ ብዙ ሰው ነበር፤ እኛ ስኳሩን በኪሎ የምንገዛ ነን። እንግዳ በነፃ ማስተናገድ የሚያምርበት ያለው ሰው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ዛሬም ማለዳ ከዚያ ተራራ ሸክም ይዘው የሚወርዱ ሴቶች አሉ። በፊት ከነበሩት ያነሱ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገብቷል፣ ኮንዶሚኒየም ጭስ አይፈቅድም። ግን አሉ። አብዛኞቹ አባሎቻችን አይደሉም፤ መታወቂያ የላቸውም፣ የወር መዋጮ አይችሉም። እኛ መንገዱን ጠርገን፣ ድንኳን ተክለን፣ እንግዳ ማስተናገድ ስንጀምር በዚያው መንገድ ጎንበስ ብለው ይመጣሉ። እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሣቸው ነው። ከእኛም አንዷ «በዚህ በኩል አትለፉ፣ እንግዳ አለ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን እኛም ዘበኛ ሆንን። የእናቴን ገመድ የነጠቀው ሰውም ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ መንገዱን ጠብቅ ተብሎ ነው።

ስለዚህ ለግንቦቱ ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ የቡናው ዋጋ አይደለም። መንገድ መሪ የሚሆኑት ቀድመው ከእነዚያ ሴቶች መካከል ይመረጡ፤ እስኪችሉ ድረስ ያለ መዋጮ አባል ይሁኑ። መንገዱን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? በአንድ ቀን የምንቀበለው ሰው ብዛት አስቀድሞ ይወሰንና በደብተር ይጻፍ። ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ የወጣ ይዞ ይውረድ። ያለፈቃድ ፎቶ አይነሣ። ከገቢው ላይ ለችግኝ የሚሆን ይቀመጥ፤ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ፣ ባህር ዛፍ ሳይሆን። የሚመለከተውን ወረዳ ፈቃድ ሳንይዝ ደግሞ አንድ ሲኒ እንኳ አንግዛ፤ ነገሩ ገንዘብ ማስገኘት ሲጀምር ወረቀት ያለው መጥቶ ወረቀት የሌለውን ማስነሣቱን ብዙዎቻችን በገበያው ላይ አይተነዋል።

እናቴ ዛሬ ጉልበቷን ታማለች፣ ተራራውን አትወጣም። ይህን ስጽፍ አጠገቧ ተቀምጬ የማረፊያ ድንጋዮቹን ስም ጠየቅኋት። ዐይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ቆጠረችልኝ፤ አሥራ አንድ ሆኑ። አንዱን «ልብ መልስ» ይሉት ነበር። በደብተሬ ይዣቸዋለሁ። ስንቶቹ ዛሬም እንዳሉ ለማየት የምትፈልጉ አባላት ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ከማኅበሩ ቢሮ ፊት ለፊት እንገናኝ። ሽፍን ጫማ አድርጉ፣ ውኃ ያዙ።